ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው ሌጦ

ለቆዳ ፋብሪካ ከምስል እንከን የሚለይ የኮምፒውተር ሞዴል መሥራት የሚጀምር ወጣት ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ የትኛውን አልጎሪዝም እንደሚመርጥ ነው። እኔ ደግሞ ሌጦው የየት አገር እንደሆነ፣ ማን እንደገፈፈውና በየትኛው ወር እንደታረደ እጠይቀዋለሁ። የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ ሌጦ በውጭ ገበያ ስም ያላቸው ናቸው። ያንን ስም የሚያበላሸውን እንከን መለየት የሚቻለው ከየት እንደሚመጣ ሲታወቅ ነው።

እከክን እንውሰድ። የደጋ በጎች ላይ ቅማልና መሰል የውጭ ጥገኛ ተባዮች የሚያደርሱት ጉዳት ነው። ሌጦው ጥሬ ሳለ ፀጉሩ ይሸፍነዋል። ፀጉሩ ተነስቶ በጨውና በአሲድ ሲታከም ግን ጥቃቅን ጉብታ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ሰብሳቢው ደህና ብሎ የገዛው ሌጦም ደረጃው ይወርዳል። ይህን በካሜራ ለመያዝ ወሳኙ መብራቱ ነው። ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ጉብታው ይጠፋል፤ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲበራ ግን እያንዳንዷ ጉብታ ጥላ ትጥላለች። ዌት ብሉ (በክሮም ተለፍቶ ገና ያልደረቀ ቆዳ) ላይ ደግሞ ውሃው ስለሚያብለጨልጭ ሞዴሉ ነጸብራቁን እንከን ብሎ ይይዘዋል። መብራቱን ማስተካከል የሚፈታውን ችግር በሺህ ተጨማሪ ፎቶ ለመፍታት መሞከር ድካም ነው።

ቀጥሎ የሌጦውን ደረጃ በዓይንና በእጅ የሚወስኑት መዳቢዎች አሉ። ሞዴሉ የሚማረው እነሱ ከሰጡት ደረጃ ነው፤ አንዱ ሦስተኛ ያለውን ሌላው አራተኛ ይለዋል። ስለዚህ ሞዴሉን ከመመዘኔ በፊት ሁለት መዳቢዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ያንኑ ክምር እንዲመድቡ አደርጋለሁ። እነሱ በማይስማሙበት ቦታ ከሞዴሉ ትክክለኛ መልስ መጠበቅ ከንቱ ነው። የማይስማሙበትን ምክንያት ማዳመጥ ግን ትልቅ ትምህርት አለው። ብዙ ጊዜ ክርክሩ ጭረቱ መኖር አለመኖሩ ላይ ሳይሆን ጀርባ ላይ ነው ወይስ ሆድ ላይ የሚለው ላይ ነው፤ ጓንት የሚቆረጠው ከጀርባው ነውና።

የውጤት ቁጥር ላይ ጥብቅ ነኝ። ከ100 ቁራጭ ምስሎች እንከን ያለባቸው 3 ብቻ ከሆኑ፣ ሁሉንም ንጹህ የሚል ምንም ያልተማረ ፕሮግራም 97 በመቶ ያገኛል። የአንድ ሌጦ ቁራጮች ለሥልጠናም ለፈተናም ከተከፋፈሉ ደግሞ ሞዴሉ እንከኑን ሳይሆን ሌጦውን ለይቶ ያልፋል። ክፍፍሉ በሌጦ፣ ከተቻለም ሌጦው ወደ ፋብሪካው በገባበት ዙር መሆን አለበት። በ2019 የወጣው ኤምቪቴክ ኤዲ የተባለው የምስል ስብስብ 15 ዓይነት ዕቃዎችን የያዘ ሲሆን ቆዳም አለበት፤ በርካታ ዘዴዎች በቆዳው ላይ ወደ 100 በመቶ የተጠጋ ውጤት ያስመዘግባሉ። ነገር ግን እዚያ ያለው እንከን ሙጫ፣ ቀለም፣ እጥፋት፣ ቁርጥና ቀዳዳ ነው። በሕይወት ሳለ በቅማል የተበላ፣ በግራር እሾህ የተጫረ ቆዳ የለበትም። ያ ውጤት ለሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የቀን መቁጠሪያው ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት የቤት እርድ ይቀንሳል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥጋ የሚልኩት ቄራዎች ግን ሥራ አያቆሙም፤ የሚያርዱት በብዛት የቆላ ፍየልና በግ ነው፣ ገፋፊዎቻቸውም የሠለጠኑ ናቸው። በዚያ ወቅት በተሰበሰበ ፎቶ የሠለጠነ ሞዴል በቆላ እንስሳት ላይ የሚበዛውን የእሾህ ጭረት አሳምሮ ያውቃል። ፋሲካ ሲደርስ በየግቢው ይታረዳል፤ ሌጦው በወጥ ቤት ቢላ ይገፈፋል፣ ጨው ሳይነካው ይውላል። ከቀናት በኋላ ፋብሪካው ደጃፍ የሚደርሰው ክምር የቢላ ቁርጥ፣ የመበስበስ ጉዳትና የደጋ እከክ የበዛበት ነው። ሞዴሉ አልተለወጠም፣ ካሜራውም ያው ነው፤ ዓለሙ ግን ተለውጧል። ለአረፋም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ የበዓል ሰሞን ሌጦ ሞዴሉ ፈጽሞ ሳያየው ለፈተና ብቻ ተለይቶ እንዲቀመጥ እሟገታለሁ። በእነዚያ ሳምንታት ሞዴሉ «ንጹህ» ካለው ክምር በየቀኑ ጥቂቱ ተመዝዞ በመዳቢ እጅ ይዳሰስ። ሞዴሉ ያሳለፈው እንከን ሲበዛ «እንከን አለ» የሚልበት መቁረጫ ነጥብ ወዲያው ዝቅ ይበል፤ ጥርጣሬ ያለበት ሌጦም ወደ መዳቢዎቹ ጠረጴዛ ይመለስ። የሥራ አስኪያጆቹ ቅሬታ ይገባኛል፤ መስመሩ ይዘገያል። ግን ጓንት ሠሪው የመለሰው ጭነት ከዚያ የበለጠ ያዘገያል፣ ለበግ አርቢውም የሚደርሰው ዋጋ የሚወሰነው እዚያው የመዳቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ነው።