ገበያው እንዳይቆም የሚቆሙት

የጅማው ሂርማታ ገበያ ሰው አጥቶ አያውቅም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ገበያ ሲገልጽ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታላቁ መሆኑን፣ በበጋ ደህና በተባለ ቀንም እስከ 30 ሺህ ሰው እንደሚሰበሰብበት ጽፏል። ገና የሚመጣው በዚያው በበጋ ነው፤ ለዚያውም ገንዘብ ገጠር በሚገባበት ወር። በጅማ ዙሪያ፣ በጎማ፣ በሊሙና በጌራ ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ ታኅሣሥ ሲጋመስ ለቃሚውም ባለማሳውም እጁ ላይ ጥሬ ብር አለ።

በዚህ ላይ ጾሙ አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ቅቤ፣ እንቁላልና ዶሮ ያልገዛው ምእመን ሁሉ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ተያይዞ ይወጣል። የሳምንታት ግዢ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታጨቃል። በ2014 ዓ.ም. ገና ዓርብ ስለዋለ፣ ዋዜማው ሂርማታ ከጥንት ጀምሮ ከሚታወቅበት የሐሙስ ገበያ ጋር ገጠመ። ቀኑን ቀደም ብሎ ያላሰላ አስተባባሪ እንዲህ ያለው ግጥጥሞሽ ሳይዘጋጅ ይደርስበታል።

በበዓል ሰሞን ሰደርያ ለብሰው ገበያ የሚያስተናብሩ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ሥራቸው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ መቆም፣ እጅ ማወዛወዝ፣ «እለፉ» ማለት። ሙያው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጀማሪው ሰው የሚሄድበትን ያያል፤ የለመደው ሰው የሚቆምበትን ይፈልጋል።

ዶሮ ተራ ጥሩ ማሳያ ነው። ዶሮ በዓይን ብቻ አይገዛም። ገዢዋ ታነሣዋለች፣ በእጇ ትመዝነዋለች፣ የደረቱን ላባ እፍ ብላ ገልጣ ሥጋውን ታያለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ትታው ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው መተላለፊያው መሐል ቆማ ነው። ከኋላዋ በግ የሚጎትት አለ፤ ከእሱ ኋላ ጆንያ የተሸከመ። ልምድ ያለው በጎ ፈቃደኛ ገዢዋን አይገፋም። ሻጮቹን አስፈቅዶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያስጠጋቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው የተገኘችው ክፍት ቦታ ተከራካሪዋን ከመንገድ ታወጣታለች። ይህ ግን ንጋት ላይ፣ ሻጩ ሳይደላደል መሠራት አለበት። ረፋድ ላይ ማንም ከያዘው ቦታ ንቅንቅ አይልም።

ማስፈቀዱም ለይስሙላ አይደለም። ከሰቃ ወይም ከሰርቦ በሌሊት ተነሥተው፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው የመጡ እናት፣ የማያውቁት ወጣት ዕቃቸውን ሲያነሣ ቀማኛ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። በኦሮምኛ ሰላም ብሎ፣ የሌሊቱን መንገድ ጠይቆ፣ «እናቴ፣ እዚያ ጥላው ይሻልዎታል» ማለትና ራሳቸው እስኪያነሡ መጠበቅ ነው። ዋጋ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል እንኳ መተንፈስ አያስፈልግም። «ተወደደ» ያለ አስተናባሪ ለአንድ ወገን ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ ሻጮቹ አይሰሙትም። በጅማ ነገሥታት ዘመን ገበያው አባ ገባ የሚባል ሹም ነበረው። የዛሬው ወጣት ሹመት የለውም፤ የሚታዘዙት ስላመኑት ብቻ ነው።

መጨናነቅ ሌላውንም ዓለም አስከፍሏል። በጀርመን ድሬስደን ከ1434 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገና ገበያ ይቆማል። በእንግሊዝ ሊንከን በ1982 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ግን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በአራት ቀን 320 ሺህ ያህል ጎብኚ ከጎረፈበት በኋላ መጨናነቁ ስላሰጋ የከተማው ምክር ቤት አስቀረው። በእንዲህ ያሉ የገና ገበያዎች የሚሸጠው በአብዛኛው ጌጣጌጥና የተዘጋጀ ምግብ ነው። ሂርማታ ላይ ሸቀጡ ራሱ ይራመዳል፣ ይደነብራል፣ ይራገጣል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለየራሱ ስለሚያርድ፣ በጉና ዶሮው ከነነፍሱ ነው ከገበያ የሚወጣው። ስለዚህ በግ ተራ ከጋሪና ከባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ቢሆን፣ የተገዛው በግ ሌላውን ተራ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ይህችን አንዲት ነገር ማስተካከል፣ ቀኑን ሙሉ «እለፉ» እያሉ ከመጮህ የበለጠ ይሠራል።

ለጠፋ ሕፃን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቦታ መወሰን አለበት። ለወደቀና ለተረገጠ ደግሞ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ያሠለጠናቸው በጎ ፈቃደኞች በቅርብ ቢኖሩ መልካም ነው።

የጅማ ወጣት ሃይማኖቱ የተለያየ መሆኑ ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። አመሻሹ ላይ ክርስቲያኖቹ ለበዓሉ ቅዳሴ ሲሄዱ ሙስሊም ጓደኞቻቸው ፈረቃውን ይይዛሉ፤ በአረፋ ዋዜማ ተራው ይገለበጣል። በደንብ የታሰበ የፈረቃ ድልድል የሚነሣው ከዚህ ነው። የመጨረሻው ፈረቃ ከባዱ ስለሆነ ግን ለጀማሪ አይተውም፦ ሻጩ በጉን ይዞ ላለመመለስ፣ ገዢው ዋጋ እስኪወርድ ጠብቆ ለመግዛት ሁለቱም አምሽተው የሚገናኙበት፣ ብርሃን የሚያጥርበት፣ ባጃጁም የሚጠፋበት ሰዓት ነው።