የካንግላ ቤተ መንግሥትና የዜና መዋዕሉ ምስክርነት

በሕንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በማኒፑር አገር፣ በኢምፋል ከተማ የሚገኘው ካንግላ የመይተይ ነገሥታት ቅጥረ መንግሥትና የሥርዐተ ንግሥ ቦታ ነበረ። ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ከሞላ ጐደል የሚደገፉት «ቸይታሮል ኩምባባ» በተባለው የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ላይ ነው። ሳሮጅ ናሊኒ ፓራት የመጀመሪያውን ክፍል በ2005 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከትርጕምና ከማብራሪያ ጋራ ስላሳተሙት፣ የምስክርነቱ ዋጋ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ዜና መዋዕሉ የነገሥታቱን ሐረግ ከ33 ዓ.ም.፣ ከኖንግዳ ላይረን ፓካንግባ ይጀምራል። ብዙዎች ይህን ዓመት የካንግላ መመሥረቻ አድርገው ያለ ጥያቄ ይደግሙታል። ነገር ግን የቀድሞው ክፍል በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ባግያቻንድራ ዘመን፣ እንደገና የተጻፈ ነው። በዓመት በዓመቱ መመዝገብ የተጀመረውም በንጉሥ ኪያምባ ዘመን፣ በ1485፣ «ቸይታባ» የተባለው ሥርዐት ሲቋቋም ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ዓመት በአንድ ሰው ስም እንዲጠራ፣ ያም ሰው በንጉሡና በሕዝቡ ላይ የሚመጣውን የዓመቱን መከራ በራሱ እንዲሸከም የሚያደርግ ነው። ስለዚህ ከ1485 በፊት ያለው ቍጥር የዘመን ልክ ሳይሆን፣ መንግሥቱ ስለ ጥንተ ነገሩ ያለው እምነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ምስክርነት እጅግ ይጠነክራል። ንጉሥ ካገምባ በ1632 በምዕራቡ በር የጡብ ግንብ ማሠራቱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሆኖም ጸሓፊው የሚያየው ከዙፋኑ ሥር ሆኖ ነው፤ ሥራው ሁሉ ለንጉሡ ይቈጠራል። በ«ላሉፕ» ሥርዐት ከአርባ ቀን ዐሥሩን ለመንግሥት ሥራ ያገለግል የነበረው ገበሬ ግን በስም አይታወቅም። ግንቡን የንጉሥ ሥራ ብቻ አድርጎ የሚጽፍ የዛሬ ተመራማሪም የዚያኑ ጸሓፊ ዐይን ሳያውቀው ይዋሳል።

በ1891 ጦርነት እንግሊዞች ካንግላን ያዙ፤ በአዳራሹ ፊት የቆሙትን ሁለቱን «ካንግላ ሻ» የተባሉ የአውሬ ምስሎችም አፈረሱ። ከነርሱም በኋላ አሳም ራይፍልስ የተባለው የሕንድ ጭፍራ ሰፍሮበት እስከ ኅዳር 2004 ቈየ። ምስሎቹ በ2007 እንደገና ታነጹ።

እንግዲህ ምስሎቹም ዜና መዋዕሉም ከጥፋት በኋላ የተገለበጡ ቅጂዎች ናቸው። ቅጂ መሆናቸው ሐሰት አያሰኛቸውም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በመጀመሪያ የሚመሰክረው ስለ ተገለበጠበት ዘመን ነው። የካንግላን ጥንታዊነት ለማክበር 33 ዓ.ም.ን መደገፍ አያስፈልግም። ሕዝቡ ይህን ቦታ ደጋግሞ ማጣቱና ደጋግሞ መልሶ ማቆሙ፣ ከቍጥሩ ይልቅ የጸና ማስረጃ ነው።