ስለ ክፉ ሰው ወጣትነት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ስለ ሲኒማ ምክር የሚሰጥ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ሳያይ የሚኰንን ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍበትን ሲኒማ፥ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ፥ ከልጅ ልጄ አጠገብ ተቀምጬ እስከ ፍጻሜው አይቼዋለሁ።

ይህ ሲኒማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው፥ ፍራንሲስ ላውረንስ ያዘጋጀው፥ «የረኃብ ጨዋታዎች» የተባለው ታሪክ መቅድም ነው። የተወሰደውም ሱዛን ኮሊንስ በ2020 ካሳተመችው ልብ ወለድ ነው። ፓኔም በምትባል የወደፊት ዘመን አገር፥ መናገሻይቱ ከተማ ድል ያደረገቻቸውን 12 አውራጃዎች ለመቅጣት፥ በየዓመቱ 24 ልጆች ወስዳ አንድ ብቻ እስኪቀር ታጋድላቸዋለች፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥን ይመለከታል። በቀደሙት ሲኒማዎች የዚህ ግፍ ራስ ሽማግሌው ፕሬዚዳንት ስኖው ነበር። በዚህኛው ግን ከ64 ዓመት በፊት፥ የቤተ ሰቡን ድኽነት የሚሸሽግ የ18 ዓመት መልከ መልካም ተማሪ ሆኖ ይታያል።

ሐያስያኑና ሕዝቡ ግን በአንድ ዓይን አላዩትም። ሕዝቡ ወደደው፤ በዓለም ዙሪያም ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከሐያስያኑ ብዙዎች የራቼል ዜግለርን ዘፈንና የተዋንያኑን ሥራ ሲያመሰግኑ፥ ርዝመቱንና የመጨረሻውን ክፍል ጥድፊያ ነቀፉ፤ ወጣቱ በድንገት ከፋ ያሉም ነበሩ። ከወጣት ተመልካቾች ደግሞ የተዋናዩን የቶም ብላይዝን መልክ እያደነቁ ለስኖው ጠበቃ የቆሙለት ጥቂቶች አይደሉም።

የልጅ ልጄም ከነዚህ አንዷ ነበረች። «አባባ፥ ምን ያድርግ? ተርቦ ነው እኮ ያደገው» አለችኝ።

እኔም ሁላችን የምናውቀውን የእንቁላል ሌባ አስታወስኋት። እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ያለችው ልጅ፥ አድጎ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲል «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ ይባላል። እኛ መምህራን ይህን ተረት ወላጆችን ለመገሠጽ እንጠቅሰዋለን። ነገር ግን ተናጋሪው ሌባው ራሱ መሆኑን ልብ እንበል። ቃሉ እውነት ነው፤ ሆኖም በሬውን የነዳችው እናቱ አይደለችም።

እስቲ የስኖውን እንቁላሎች እንቍጠር። እባቦቹ የለመዱትን ጠረን አይነድፉምና፥ የሉሲ ግሬይን ጠረን የያዘ መሐረብ በስውር ከሣጥናቸው ጣለ፤ ልጅቱን ስላዳነ አጨበጨብንለት። ራሱን ሲከላከል ሰው ገደለ፤ ይቅር አልነው። ከዚያ እንደ ወንድም ያመነውን የሴጃነስን ምስጢር፥ ድምፅ በሚቀዳ ወፍ አስይዞ ለመናገሻይቱ ላከ፤ ሴጃነስም ተሰቀለ። በመጨረሻ እወዳታለሁ ባላት ልጅ ላይ ጠመንጃ አነሣ። ስለዚህ ሐያስያኑ ስለ ጥድፊያው እውነት ቢኖራቸውም፥ ክፋቱ ድንገተኛ አልነበረም፤ እያጨበጨብን ስለ ሄድን ደረጃውን አላየነውም። ረኃብ ነው እንዳንል ደግሞ፥ የአጎቱ ልጅ ትግሪስ በዚያው ቤት በዚያው ረኃብ አድጋ ርኅራኄዋን አልጣለችም።

ይህን የምጽፈው ከንጹሕነት አይደለም። በማስተምርበት ዘመን አንድ ድኻ፥ ብልህና ትሑት ተማሪ በፈተና ሲኰርጅ አይቼ፥ አዝኜለት ዝም አልሁ። በሌላ ጊዜ በእርሱ ጥፋት ጓደኛው ከትምህርት ቤት ሲባረር፥ ልጁ ቃል አልተነፈሰም። እኔም እውነቱን ጠርጥሬ ሳለሁ፥ የፊተኛውን ስለ ሸሸግሁ የኋለኛውን ለመናገር አፈርሁ። ያ የተባረረው ልጅ መልኩ እንኳ ዛሬ አይታወሰኝም፤ የኰረጀውን ግን ፈገግታውን ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ስለዚህ የልጅ ልጄን፥ «በጨዋታው ከሞቱት ልጆች የስንቱን ስም ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። አስባ አስባ ሁለት ጠራች።

ወጣት ሆይ፤ ሰው እንዴት እንደሚከፋ የሚያሳይ ሲኒማ ማየት አይጐዳህም፤ ይጠቅምህማል። ለበደለኛው ማዘንህም ነውር አይደለም። ብቻ ኀዘንህን ሁሉ ለእርሱ ሰጥተህ፥ ለተበደሉት ሳታስቀር እንዳትወጣ ተጠንቀቅ።