በዛብህን በምን መዘኑት?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በፍቅር ታሪክነቱ ያላነሣው ከመካከላችን ማን አለ? እኛ ግን ዛሬ መጽሐፉን በሌላ በኩል ገልጠን ልናየው ወደድን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ በዛብህ ቦጋለ አፍቃሪ ከመሆኑ በፊት የተማረ ሰው ነው። ታዲያ ትምህርቱን በምን መዘኑት?

ሁለት ሚዛን እናያለን። አንደኛው በዛብህን ያሳደገው የቤተ ክህነት ትምህርት ሚዛን ነው። የቅኔ ቤቱን ብቻ እንውሰድ። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየን፣ አምስት ቤት ያለውን ዋዜማን እያለፈ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቆጠራ ወጥቶ ያሰበውን ለየኔታው ይነግራል፤ የተበላሸው እዚያው ይታረማል፤ የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም። ስንት ዓመት ተቀመጥክ ሳይሆን ምን ተቀኘህ ነው ጥያቄው። ይህም ሚዛን ቢሆን እንከን አያጣውም፤ ሴቶችን አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ አስቀርቷል።

ሁለተኛው የፊታውራሪ መሸሻ ሚዛን ነው። ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር የበዛብህ ዕውቀት በቂ ነበር። ፍቅራቸው ሲመጣ ግን ዕውቀቱ ተረስቶ አጥንቱ ተቆጠረ። ያው ሰው፣ ያው ትምህርት! ይህን በግልጽ የሚናገረው ጉዱ ካሣም እንደ እብድ ተቆጠረ።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ስንደርስ የባላባቱን ትዕቢት አውግዘን መጽሐፉን እንዘጋዋለን። ቀላል ነዋ! ፊታውራሪ ዛሬ የሉም። ሚዛናቸው ግን የት ሄደ?

የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና እናስታውስ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ስንቱ እንደወደቀ ነገረን፤ የወደቀው ልጅ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ግን አልነገረንም። ፈተና ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ቢያንስ ወረቀቱ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ በአፉ አይጠይቅም። ነገር ግን መጽሐፍ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያደገ ልጅ በአንድ ወረቀት ብቻ ሲመዘኑ፣ በፊት ለፊት በር ያባረርነው የአጥንት ቆጠራ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል።

ስለዚህ የመጽሐፉ ጥያቄ ከባላባቱ ጋር አልተቀበረም እንላለን። ከቅኔ ቤት የምንወስደው ዜማውን ብቻ አይሁን፤ ተማሪውን ከትናንት ሥራው ጋር አስተያይቶ የማረሙንም ልማድ እንውሰድ። መምህሩ የተማሪውን ሥራ ዓመቱን ሙሉ ካላየ፣ የሰኔ ፈተና ብቻውን ስለዚያ ልጅ ምን ሊነግረው ነው?

«የለም፣ ተሳስታችኋል» የሚል ካለ ብዕሩን ያንሣና ይጻፍልን። ገጹ ክፍት ነው።