«ዐውሎ ሞዪ» ወይስ «ቱርቦ»? በአንድ የሙያ ትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

በቅርቡ አንድ የትርጉም ረቂቅ አስተያየት እንድንሰጥበት ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ በትንሽ የመኪና ሞተር ላይ በአነስተኛ ወጪ ቱርቦ ስለ መግጠም የተጻፈ የውጭ አገር መመሪያ ወደ አማርኛ የተመለሰበት ሲሆን፣ ርእሱም «ንዑስ ሞተርን በዐውሎ ሞዪ ስለ ማበርታት» ይላል። የተርጓሚውንም ሆነ የአስተርጓሚውን ተቋም ስም መጥቀስ ለጉዳያችን አያስፈልግም። ሳንናገረው የማናልፈው ግን ቅጅዎቹ ገና ሳይታረሙ በሠልጣኞች እጅ መግባታቸውን ነው፤ ሂሳችን ጠንከር ያለበትም ምክንያት ይኸው ነው።

መመሪያው መተርጐሙን በመርሕ ደረጃ እንደግፋለን። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ እንደ መሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሹ የሚያገኘው አየር ሩብ ያህል ይጐድላል። አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ አምስት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ ስትወጣ የምታቃስተው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህም ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ ባለ ትንሽ ገንዘብ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ለማኖርና ከእርሷም የሚቻለውን ለማግኘት መጣሩ አይቀርም። ቱርቦ ደግሞ ገና ከጥንቱ የከፍታ መድኃኒት ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 መሣሪያውን በአውሮፕላን ሞተር ላይ ገጥሞ የሞከረው 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ወጥቶ ነበር። እንግዲህ ለደጋ ሰው ይህን የመሰለ መመሪያ በራሱ ቋንቋ ማቅረብ ቅንጦት አይደለም።

ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ዐውሎ ሞዪ» የሰነፍ ሰው ሥራ አይደለም። ተርጓሚው «ቱርቦ» በላቲን ዐውሎ ነፋስን እንደሚያመለክት ያውቃል፤ «ቻርጀር» የሚለውንም ባትሪ ከመሙላት ጋር አዛምዶ፣ «በላ» ብሎ «በዪ» እንደሚባል «ሞላ» ብሎ «ሞዪ» አውጥቷል። የስዋስዉ ሕግ ተጠብቋል። ነገር ግን የሐረጉ ትርጉም ስለ መሣሪያው አሠራር አንዳች አይናገርም። መሣሪያው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዱን መዘውር ሲያሽከረክረው፣ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው መዘውር አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚልክበት ነው። የላቲኑ ቃል ከዐውሎው ሌላ እንዝርትን የመሰለ ተሽከርካሪ መጫወቻንም ያመለክታል፤ ተርጓሚው የግድ ከላቲን መነሣት ካስፈለገው ከዐውሎው ይልቅ እንዝርቱ ይቀርበው ነበር። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ሁሉ ድካም የማያስፈልግ ነው። «ቱርቦ» በጭነት መኪና ነጂዎች አፍ ከገባ ሰንብቷል፤ «ተርባይን» የሚለው ዘመዱም ከሕዳሴው ግድብ ዜና ጋር በየቤቱ ገብቷል። ሱማሌ ተራ ወርዶ «ዐውሎ ሞዪ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዕቃውን ሳይሆን ሣቅን ይዞ ይመለሳል። የቋንቋ አካዳሚውም ቢሆን በ1960ዎቹ «መርሐ ልሳን» ተብሎ ጀምሮ ኋላ «አካዳሚ» መባልን መርጧልና፣ በውሰት ቃል የምናፍርበት ምክንያት አይታየንም።

የረቂቁ ዋና ጕድለት ግን እዚህ ላይ አይደለም። ተርጓሚው የዕቃ ስሞችን ሲፈጥር ብዙ ደክሞ፣ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጹትን ቃላት ከእንግሊዝኛው በቁማቸው አሻግሯቸዋል፤ አደጋውም ያለው በእነዚሁ ላይ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ረቂቁን ይዘን አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ሄድን። ሰፈሩን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ፒያሳ ስሙም ጣሊያንኛ ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራና ከዚያም በኋላ በቀሩት ጣሊያናውያን ወርክሾፖች አማካይነት ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን የተባሉት ቃላት በእጅ ሥራ ታጅበው አማርኛ ሆነዋል። በ2016 ዓ.ም. ከአካባቢው አሮጌ ቤቶች በርካቶቹ ከፈረሱ ወዲህ ባለሙያዎቹም ተበታትነዋል፤ የጋራዥን ቃላት ከአፍ የሚሰበስብ ሰው ካለ መቸኰል ይኖርበታል።

ያነጋገርናቸው መካኒክ በዕድሜ ከእኛ የሚበልጡ ናቸውና «ጋሼ፣ ይህን ቢያነቡልን» ብለን ረቂቁን ሰጠናቸው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ከረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ ሥራ ፈት አድርገህ አቆየው» የሚል ነበር። እሳቸውም «ይጥፋ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። ትእዛዙ በትክክል የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ የጋለው የቱርቦ ዘንግ ዘይት ሳይቋረጥበት እንዲበርድ ሞተሩ ሳይጠፋ በሚኒሞ ይቆይ ማለት ነው። «ሚኒሞ» እያለ «ሥራ ፈት» ምን ሊሠራ መጣ? እንዲሁም ትርፉ ጭስ መዘውሩን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርገው መዝጊያ «የቆሻሻ በር» ተብሏል። እኛ «ማስተንፈሻ» ልንለው አስበን ነበር፤ ጋሼ ግን ይህ ከሞተሩ ከራሱ መተንፈሻ ጋር ይምታታል ስላሉን «የጭስ ማሳለፊያ» በሚለው ተስማማን።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን «ሀብታም ድብልቅ» እና «ቀጭን ድብልቅ» ስለሚሉት የተደረገው ውይይት ነው። እንግሊዝኛ የነዳጅና የአየርን መጠን በቅጽል ይገልጻል፤ የጋራዡ አማርኛ ግን በግሥ ነው የሚናገረው፤ «ቤንዚን አነሰው»፣ «ቤንዚን በዛበት» ይላል። በዚህ ላይ «በት» የተሰኘው ምእላድ ጉዳትን አብሮ ይናገራል። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ግን በጭነት ጊዜ ቤንዚኑ ጥቂት ቢጨመርለት ቃጠሎው ስለሚበርድ ይጠቀማል፤ ቢያንሰው ፒስቶኑ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ጋሼ ይህን ስናስረዳቸው፣ ያለ ምንም ማቅማማት «እንግዲያው ለቱርቦ ትንሽ ይብዛለት» አሉን። አንድ ፊደል ተለወጠ፤ ጉዳቱ ጥቅም ሆነ። የውጭው ቋንቋ በአንድ አንቀጽ ማስጠንቀቂያ የሚያስረዳውን አማርኛ በ«በት» እና በ«ለት» ልዩነት ይጨርሰዋል። የሙያ ትርጉም የሚያሰናዳ ሰው ስም ብቻ እየፈለገ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ይህን የመሰለው ሀብት ያመልጠዋል። የቃላት ኮሚቴዎቻችንም ቢሆኑ (እኛም ካገለገልንባቸው ውጭ አይደለንም) በዚህ ረገድ ከነቀፋ ነጻ አይደሉም፤ ያወጣናቸው ዝርዝሮች ከሞላ ጐደል የስሞች ዝርዝሮች ናቸው።

ሌላው «ምት» ነው። ረቂቁ ነዳጁ ከእሳቱ ቀድሞ በግፊትና በሙቀት ብቻ ሲፈነዳ የሚሰማውን ድምፅ «የሞተር ምት» ይለዋል። በጋራዥ ግን «መታ» ከተባለ ቢየላ መታ ማለት ነው፤ መካኒኩም ሞተሩን አውርዶ ከታች ይከፍታል። ባለ መኪናው ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ ያለ ጥፋቱ ትሄዳለች፤ መድኃኒቱ ግን የካንዴላውን እሳት ማዘግየት ወይም የቱርቦውን ግፊት መቀነስ ነበር። ጣሊያኖች ይህን ዐይነቱን ድምፅ በራስ ላይ ከመምታት ጋር ያያይዙታል፤ የሞተር ራስ ደግሞ በእኛም ጋራዥ «ቴስታ» ነው። ስለዚህ «የቴስታ ምት» እና «የቢየላ ምት» ብሎ መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደ መፍሰስ ያለ ስስ ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ወፍራምና ከሥር የሚመጣ ነው።

በመጨረሻ በገጽ 41 ላይ ወዳለው አንድ ቍጥር እንመጣለን። ረቂቁ «የማበረታቻ ግፊቱ ከ1.5 ባር አይብለጥ» ይላል። «ማበረታቻ» ለሠራተኛ የሚሰጥ ጕርሻ እንጂ የአየር ነገር አለመሆኑን ትተን፣ ዋናው መመሪያ የሚለው ጠቅላላ ግፊቱ፣ ማለትም የከባቢው አየር ግፊት ጭምር ተቈጥሮ፣ 1.5 ይሁን ነው። ተርጓሚው «ጠቅላላ» የሚለውን እንደ ትርፍ ቃል ቈጥሮ ዘሎታል። በመኪና ላይ የሚገጠመው ጌጅ ግን ከከባቢው በላይ ያለውን ብቻ ያነባል። የአዲስ አበባ አየር ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው፤ ጌጁ 1.5 እስኪያነብ የጠበቀ ሠልጣኝ በጠቅላላው 2.26 ባር፣ ይኸውም ከከተማይቱ አየር ሦስት እጥፍ ያህል፣ ለቱርቦ ባልተሠራ ትንሽ ሞተር ውስጥ ያስገባል። በትክክል ቢተረጐም ኖሮ ጌጁ ከ0.74 ማለፍ አልነበረበትም። እንዲያውም ለድኻ ሞተር 0.25 ይበቃዋል፤ ያ ብቻ ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ያህል ያስተነፍሰዋል። ጋሼ ቍጥሩን ሲሰሙ «ይህን ካደረግሁማ ሞተሩን ከመሬት ነው የምለቅመው» አሉ።

በበኩላችን «ትርፍ ግፊት» የሚለውን እናቀርባለን። «ትርፍ» ማለት ከተፈቀደው በላይ የተጫነ መሆኑን የማያውቅ የታክሲ ረዳትም ተሳፋሪም በዚህች ከተማ የለም፤ ቃሉ መጠኑንም ሥጋቱንም አብሮ ይይዛል። የከባቢው አየር ሲጨመርበት «ጠቅላላ ግፊት» ይባል፤ ቍጥር በተጻፈ ቍጥርም ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳይጠቀስ አይታለፍ። ለ«ኢንተርኩለር» እኛ «የአየር ራዲያተር» ብንልም ጋሼ አልተቀበሉንም፤ በዚህ ላይ የአንባብያንን አስተያየት እንጠብቃለን። የቀረው እርማት ጊዜ ወስዶ ሊሠራ ይችላል። ገጽ 41 ግን ረቂቁ እስኪታረም ሳይጠበቅ፣ ከወጡት ቅጅዎች ሁሉ ላይ ዛሬውኑ እንዲለወጥ ለአስተርጓሚው ክፍል በጽሑፍ አሳስበናል።