ጭራቁን ፍለጋ የወጣች ልጅ

በማዕከላዊ ስፔን፣ ኦዩኤሎስ በምትባል መንደር፣ ሰዉ ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ ወደ አዳራሽ ይጎርፋል። ፊልም መጥቷል። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1940 ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና ዓመቱ። ከሕፃናቱ መካከል አና የምትባል ትንሽ ልጅ ዓይኗን ሳትነቅል «ፍራንከንስታይን»ን ታያለች። ግዙፉ ፍጡር ሐይቅ ዳር ከአንዲት ሕፃን ጋር አበባ እየወረወረ ይጫወታል፤ ጥቂት ቆይቶ አንድ አባት የልጁን አስከሬን ታቅፎ ይመጣል። አና ወደ እኅቷ ወደ ኢሳቤል ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፤ ልጅቷን ለምን ገደላት፣ እሱንስ ለምን ገደሉት?

የቪክቶር ኤሪሴ «የንብ ቀፎው መንፈስ» (1973) የተሠራው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አስፈሪ ተረት የልጅን የዋህነት ይገፍፋል የሚለው አስተያየት በሰፊው ይሰማል። ይህ ፊልም ግን ሌላ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። አናን ከልጅነቷ ያፈናቀላት ፍጡሩ አይደለም፤ ጥያቄዋን የሚመልስላት ትልቅ ሰው ማጣቷ ነው።

ጥያቄው ራሱ የተወለደው ከጎደለ ነገር ነው። ጄምስ ዌል በ1931 በሠራው «ፍራንከንስታይን» ፊልም ፍጡሩ አበባው ሲያልቅበት ልጅቷም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት ወደ ሐይቁ ይወረውራታል። ስሕተቱ የሕፃን ስሕተት ነው። ሳንሱር ይህን ቁራጭ አወጣው፤ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። ተመልካቹን ከክፉ ነገር ለመጠበቅ ተብሎ የተቆረጠው፣ ግድያው ያለ ክፋት መፈጸሙን የሚያስረዳው ብቸኛ ክፍል ነበር። የተረፈው ወደ ልጅቷ የሚዘረጋ እጅና ሬሳ ብቻ ሆነ፤ በመካከል ያለውን ተመልካቹ በራሱ ሐሳብ ሞላው፣ የሞላውም ከእውነቱ በከፋ ነገር ነበር። በኤሪሴ ፊልምም ግድያው አይታይም። ለአና የጎደላት መልስ ያ የተቆረጠው ነው።

ቤታቸውም እንዲሁ የተቆረጠ ነው። አባትየው ፈርናንዶ ንብ ያነባል፣ ሌሊት ሌሊት ስለ ቀፎው ይጽፋል። እናትየዋ ቴሬሳ ሩቅ ላለ ሰው ደብዳቤ ትልካለች። የመስኮቶቹ መስታወት የማር ቀለም አለው፤ ክፈፉም እንደ ማር እንጀራ ስድስት ጎን ነው። ጦርነቱን በስሙ የሚጠራው የለም። ፊልሙ ሲሠራ አምባገነኑ የስፔን ገዢ ፍራንኮ በሕይወት ነበር፤ የሞተው በ1975 ነው። ስለዚህ ዝምታው የገጸ ባሕርያቱ ብቻ አይደለም፤ የአገሩም ነው።

ለአና የምትመልስላት ኢሳቤል ናት፤ በዕድሜ ጥቂት የምትበልጣት። በፊልም የሚታይ ሁሉ ውሸት ነው፣ ፍጡሩም አልሞተም፣ መንፈስ ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስምሽን ብትነግሪው ይመጣል ትላታለች። ተቺዎች በአና ዓይኖች ሲመሰጡ ኢሳቤልን ያልፏታል፤ እኔ ግን እሷ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ኢሳቤል በጭራቅ አታምንም። ግን ድመት ታንቃለች፣ ስትቧጭራትም የራሷን ደም በከንፈሯ ትቀባለች፣ የሞተች መስላ ወለል ላይ ተዘርግታ እኅቷን ታስፈራራለች። ሞት ለእሷ መጫወቻ ሆኗል። የዋህነቷን ያጣችው እሷ ናት፤ ያጣችውም ጭራቅ ሳታይ ነው።

አና የተነገራትን አምና የውኃ ጉድጓድ ካለበት ባዶ ቤት ትመላለሳለች። አንድ ቀን እዚያ ከባቡር ዘሎ የቆሰለ፣ የሚሸሽ ሰው ታገኛለች። አትፈራውም፤ ፖም ትሰጠዋለች፣ የአባቷን ካፖርት ታለብሰዋለች። በኪሱ ውስጥ የአባቷ ሰዓት አለ። በዚያው ሌሊት ሰውየው በጥይት ይገደላል፤ ሬሳው የሚጋደመው ፊልሙ በታየበት አዳራሽ ነው። በማግሥቱ ቁርስ ላይ አባቷ የተመለሰለትን ሰዓት አውጥቶ ይከፍተዋል። ሰዓቱ ዜማ ያሰማል። አባትየው የሁሉንም ፊት በየተራ ያያል፤ አንድ ቃል አይወጣውም። አና ጓደኛዋ መሞቱን የምትረዳው ከዚህ ዜማ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ ቁርስ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ልብ ወለድ ተቃራኒውን ልጅ እናገኛለን። ፍጡሩ ትንሹን ዊልያምን ሲያይ ሰው መጥላት ገና ያልተማረ ልጅ ነው ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ ወስዶ ወዳጁ ሊያደርገው ያስባል። ዊልያም ግን ተምሯል። እኛ ጭራቅ በምንለው ስም ጠርቶ፣ ልትበላኝ ነው ብሎ ይጮኻል፤ የቤተሰቡን ስም፣ ይኸውም የፍጡሩን ፈጣሪ ስም፣ ሲናገር ደግሞ የፍጡሩ ቂም ይቀሰቀስና ያንቀዋል። ሕፃኑ ያንን ስም ከሆነ ሰው ሰምቶታል። በእኛም ቤት «ዝም በይ፣ ጭራቅ መጣብሽ» ይባላል፤ እኔም እየሰማሁት አድጌያለሁ። ተረቱ እዚያ ላይ የልጅ አፍ መዝጊያ ይሆናል። አናን ግን ማንም በጭራቅ ዝም አላሰኛትም፤ ለዚህ ነው እንግዳውን በፖም የተቀበለችው።

የሥነ ልቦና ጸሐፊው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ አስፈሪ ተረት ለልጅ ጭንቀት መልክ ይሰጠዋል፣ መልክ ያገኘ ጭንቀትም ይቻላል ሲል ተከራክሯል። እቀበለዋለሁ፤ ነገር ግን ተረቱን የሚያወራ፣ ሲያበቃም አጠገብ የሚቀመጥ ሰው መኖሩን እንደ ቀላል ነገር ይወስደዋል። አና ያ ሰው የላትም። ከቁርሱ ዝምታ በኋላ ወደ ጫካ ትሸሻለች፤ ሌሊት ወንዝ ዳር ፍጡሩ ራሱ መጥቶ አጠገቧ ይንበረከካል። አጠገቧ የተቀመጠው እሱ ብቻ ነው።

ስትገኝ አትናገርም፣ አትበላም። ሐኪሙ ለእናቷ ልጅ ናት፣ ቀስ በቀስ ትረሳዋለች ይላል። በሌሊት አና ከአልጋዋ ተነሥታ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ስሟን ለመንፈሱ ትነግረዋለች። ፊልሙ እዚህ ያበቃል። አልረሳችም።