ዱቤውን ማን ይሸከመው?

በቀደም አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ ሻይ እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ ቋሚ ሥራዬን ለቅቄ በኤጀንሲ በኩል በኮንትራት ብሠራ ይሻለኛል?» አለኝ። የሚያሳስበው ኤጀንሲው የሚወስደው ኮሚሽን ነበር። እኔ ደግሞ፣ «የምትሠራለት ነጋዴ ሳይከፍል ከቀረ ያንተ ሒሳብ ከማን ይመጣል?» ብዬ መልሼ ጠየቅኩት። ያዘጋጁለትን ውል አውጥቶ አሳየኝ። የክፍያው ቀን «ደንበኛው ሲከፍል» ይላል። ይህን ሳያስቀይር እንዳይፈርም ነገርኩት።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ፣ «በላቤ ላይ ደላላ ምን ቤት ነው?» እያለ ሱቅ ለሱቅ ራሱ እየዞረ ይሠራል። እኔ በኤጀንሲ በኩል ስለምሠራ ተከራክረን አንጨርስም። መርካቶ የሚያድረው በዱቤ ነው፤ አስመጪው ለጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩ ለክፍለ ሀገሩ ነጋዴ በእምነት ወይም ቀኑ ባልደረሰ ቼክ ይሰጣል። የሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ ሁሉ ሰልፍ በኋላ ነው የሚደርሰው። ባልደረባዬ ጥቅምት 30 ለግብር የዘጋውን ሒሳብ ዋጋ ጥር ላይም «ሰኞ ብቅ በል» ይባልበታል። የሚጠይቀው ደግሞ ነገ ሥራ የሚፈልግበትን ሰው ስለሆነ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ሥራ የሚያገናኝ ሰው ሶማሌ ተራም ጎጃም በረንዳም ሞልቷል። እኔ ከነጋዴው ክፍያ ላይ ኮሚሽን ይገባዋል የምለው ዱቤውን በራሱ ላይ ወስዶ፣ ነጋዴው ከፈለም አልከፈለም ወር ሲደርስ የሚከፍለኝን ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አገናኝቶ ዞር የሚለውንና ሠራተኛውን በራሱ ስም ቀጥሮ የሚያሰማራውን ይለያል። በሁለተኛው ዓይነት፣ አሠሪዬ ኤጀንሲው ነው፤ ከደመወዜ 7 ከመቶ ቀንሶ፣ ከራሱ 11 ከመቶ ጨምሮ ጡረታዬን የሚያስገባውም እሱ ነው። «የመጀመሪያ ወር ደመወዝህን አካፍለኝ» የሚለውን ግን አልሰማም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው፣ አገራችንም በ1999 ያጸደቀችው 181ኛው ስምምነት ኤጀንሲ ሠራተኛውን እንዳያስከፍል መርህ አድርጎ ይዟል።

ቋሚ ተቀጣሪ ሳለሁ ዓመታት ያየሁት ተከፋይ ሒሳብን ብቻ ነበር። የሱቁን ሙሉ ገመና ያየሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዘረገፍልኛል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ወረቀት ሙቀት ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል፤ ስለዚህ በመጣ ዕለት ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ከዋናው ጋር እሰፋዋለሁ። የዱቤ ደብተሩ ላይ ደግሞ የሰው ስም እምብዛም የለም፤ «የወልቂጤው»፣ «ነጭ ጋቢ»፣ «የሐጂ ልጅ» እያለ ይሄዳል። «ነጭ ጋቢ» ማን እንደሆነ፣ ከፋይ ይሁን አይሁን ከባለሱቁ አፍ አውጥቼ ሚዛኑ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ ደመወዝ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ባንክ ግን ብድር ስጠይቀው የቋሚ ቅጥር ደብዳቤ አምጣ ይለኛል። አማቴም «አሁንስ ቋሚ ሥራ አገኘህ ወይ?» ማለታቸውን አልተዉም። ኅዳር ላይ፣ ሥራው ቀዝቅዞ ቤት ስውል፣ የምመልስላቸው የለኝም። ሐምሌ ላይ ከጠየቁኝ ደግሞ ስልካቸውን የማነሳበት ጊዜ አላገኝም።